የማይጨበጠው ቁልፍ፦ ስልክ መኪናን እንዴት ይከፍታል?

ባሕር ዳር፦ መኪና ሲሸጥ የሚከበር አንድ የቆየ ልማድ አለ። ውሉ ከተፈረመ፣ ገንዘቡ ከተከፈለና ሊብሬው ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈ በኋላ ሻጩ ቁልፉን ያወጣና በምስክሮች ፊት በገዢው መዳፍ ላይ ያኖረዋል። "ትርፍ ቁልፉስ?" ብሎ የሚጠይቅ አስተዋይ ሰውም ከመካከል አይጠፋም። ሁለተኛው ቁልፍ ሲመጣ ሁሉም እፎይ ይላል፤ ቁልፉን የያዘ መኪናውን ይዟልና።

ዛሬ ግን ይህ ልማድ ብቻውን አይበቃም። በአዳዲስ መኪኖች ላይ ከብረቱ ቁልፍና ከሪሞቱ በተጨማሪ በኪስ ስልክ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ዐይን የማያየውና እጅ የማይጨብጠው ሌላ ቁልፍ አለ። ሻጩ ሁለቱንም ቁልፎች አስረክቦ፣ ሻይ ተገባብዘው ከተለያዩ በኋላ እንኳ በስልኩ ውስጥ የቀረው ቁልፍ የተሸጠውን መኪና መክፈትና ማስነሳት ሊቀጥል ይችላል። ሻጩ ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ረስቶት ይሆናል። የገዢው ንብረት ግን በሌላ ሰው ስልክ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ጉዳዩ የሩቅ ሀገር ወሬ አይደለም። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በከተሞች ጎዳና ላይ በዝተዋል። ከእነዚህ መካከል በርካቶቹ በካርድ ወይም በስልክ የሚከፈቱ ናቸው። በግልም ይሁን በማኅበር ተደራጅቶ መኪና ለመግዛት የሚያስብ የከተማ ነዋሪና አርሶ አደር ከባትሪውና ከጎማው እኩል የቁልፉንም ነገር ማወቅ ይገባዋል።

ከብረት ወደ ሞገድ

የብረት ቁልፍ ምስጢሩ በጥርሱ ላይ ነው። ጥርሱ ከመቆለፊያው ጋር ከገጠመ ይከፍታል፤ ካልገጠመ አይከፍትም። ድክመቱም እዚያው ላይ ነው፤ ጥርሱን ያየ ባለሙያ አስመስሎ ሊቀርጸው ይችላል። መኪና ሰባሪም ከመሪው በታች ያሉትን ሽቦዎች አገናኝቶ ያለ ቁልፍ ሞተር ሲያስነሳ ኖሯል።

በ1990ዎቹ (እ.አ.አ.) አምራቾች በቁልፉ እጀታ ውስጥ ትንሽ ቺፕ መቅበር ጀመሩ። መኪናው ቺፑን በሬዲዮ ሞገድ ይጠይቃል፤ ትክክለኛው መልስ ካልመጣ ቁልፉ ቢዞርም ሞተሩ አይነሳም። ቀጥሎ ከኪስ ሳይወጣ በሩን የሚከፍተው ሪሞት መጣ። ባለቤቱ ወደ መኪናው ተጠግቶ የበሩን እጀታ ሲነካ መኪናው ደካማ የጥሪ ሞገድ ይለቃል፤ ጥሪውን የሰማው ሪሞት መልስ ይሰጣል፤ በሩም ይከፈታል።

የስልክ ቁልፍ የዚህ ጉዞ ቀጣይ ምዕራፍ ነው። ቴስላ እ.አ.አ. በ2017 ለገበያ ያቀረበው ሞዴል 3 የተለመደውን ሪሞት ትቶ ስልክንና እንደ ባንክ ካርድ ያለ ስስ ካርድን ዋና ቁልፍ አደረገ። እ.አ.አ. በ2020 ደግሞ አፕል የአይፎን ስልኮች የቢኤምደብሊው መኪኖችን እንዲከፍቱ የሚያስችለውን አሠራር ይፋ አደረገ። ስልክ አምራቾችና መኪና አምራቾች በጋራ ያቋቋሙት ጥምረትም ለአሠራሩ ወጥ የሆነ ደረጃ አውጥቷል፤ ሦስተኛው እትም የወጣው እ.አ.አ. በ2021 ነው። የአንዱ ኩባንያ ስልክ ከሌላው ኩባንያ መኪና ጋር እንዲግባባ የሚያደርገው ይህ የጋራ ደረጃ ነው።

ማኅተሙ አንድ፣ አሻራው ብዙ

ብዙ ሰው ስልኩ ለመኪናው አንድ የይለፍ ቃል የሚልክ ይመስለዋል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ቃሉን በመንገድ ላይ የጠለፈ ሌባ ነገ ደግሞ ይልከውና መኪናውን ይዞ ይሄድ ነበር። አሠራሩ ከዚህ የረቀቀ ነው።

ነገሩን በማኅተም መመሰል ይቻላል። የአንድ ማኅበር ማኅተም በሊቀ መንበሩ መሳቢያ ተቆልፎበት ይቀመጣል። የማኅተሙን አሻራ ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ደብዳቤ የደረሰው ጽሕፈት ቤት አሻራውን አይቶ እውነተኛነቱን ይለያል። አሻራውን ማወቅ ማኅተሙን መያዝ ማለት አይደለም።

በስልክ ቁልፍም እንደዚሁ ሁለት የተጣመሩ ቁጥሮች አሉ። አንደኛው የምስጢር ቁልፍ ሲሆን በስልኩ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ምስጢር ጠባቂ ቺፕ ውስጥ ይኖራል፤ ከዚያም አይወጣም። ሌላኛው ይፋዊ ቁልፍ ሲሆን ለመኪናው ይሰጣል። ስልኩ ሲቀርብ መኪናው በዚያች ቅጽበት የፈጠረውን፣ ከዚህ በፊት ያልተጠቀመበትን ረጅም ቁጥር ይልክና "ይህን አትምልኝ" ይላል። ስልኩ በምስጢር ቁልፉ ያትምና ይመልሳል። መኪናው ደግሞ በያዘው ይፋዊ ቁልፍ ይመረምራል። ከገጠመ በሩ ይከፈታል።

ከእጅ ማኅተም የሚለየው አንድ ነገር አለ። የእጅ ማኅተም አሻራ በየደብዳቤው ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሊገለበጥ ይችላል። የስልኩ ኅትመት ግን ከተላከው ቁጥር ጋር አብሮ ይለዋወጣል። መኪናው በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ቁጥር ስለሚልክ የትናንቱን መልስ የሰረቀ ሰው ዛሬ ምንም አያተርፍበትም። ከይፋዊው ቁልፍ ተነሥቶ የምስጢር ቁልፉን በስሌት ማግኘትም ዛሬ ባሉ ኮምፒውተሮች የማይሞከር ነው።

ሦስት የመነጋገሪያ መንገዶች

ስልኩና መኪናው የሚነጋገሩባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ኤንኤፍሲ የሚባለው ነው። ስልኩን ወይም ካርዱን በበሩ እጀታ ወይም በመስኮቱ አጠገብ ባለው ማንበቢያ ላይ ማስጠጋት ይጠይቃል። የሚሠራው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ብቻ ነው። ካርዱ የራሱ ባትሪ የለውም፤ ኃይል የሚያገኘው ከመኪናው ማንበቢያ ነው።

ሁለተኛው ብዙዎች ፎቶና ሙዚቃ የሚላላኩበት ብሉቱዝ ነው። ስልኩ ከኪስ ሳይወጣ፣ ባለቤቱ ሲቀርብ መኪናው ራሱ ይለየዋል። ብሉቱዝን ብቻ የሚጠቀሙ በርካታ ቁልፎች ርቀትን የሚገምቱት በሞገዱ ጥንካሬ ነው፤ ሞገዱ ከበረታ ስልኩ ቅርብ ነው፣ ከደከመ ሩቅ ነው ብለው ያስባሉ።

ሦስተኛው አልትራ ዋይድባንድ የተሰኘው አዲሱ መንገድ ነው። እጅግ አጫጭር የሬዲዮ ምቶችን እየላከ ርቀትን በጊዜ ይለካል። በመኪናው ልዩ ልዩ ማዕዘኖች ላይ የተተከሉት አንቴናዎች ስልኩ በስተቀኝ ይሁን በስተግራ፣ ውስጥ ይሁን ውጭ ለይተው ያውቃሉ። ባለቤቱ ስልኩን ይዞ መቀመጫው ላይ ሲሆን ብቻ መኪናው እንዲነሳ የሚደረገው በዚህ ነው። ይህን የሚችል ቺፕ የሚገኘው ግን በተወሰኑ፣ ብዙውን ጊዜም ዋጋቸው ከፍ ባለ ስልኮች ላይ ነው።

ጥሪ የሚያቀባብሉ ሌቦች

ማኅተሙ ይህን ያህል ከጠነከረ ሌባ በየት ይገባል? መልሱን ለማግኘት ወደ ገጠር መመለስ ይጠቅማል። በተራራማ አካባቢ ከአንዱ ሸንተረር የተላከ ጥሪ ከሩቅ ሰፈር የሚደርሰው በመካከል ያለው እረኛ ተቀብሎ ወደ ሌላው ሲያስተላልፈው ነው። አስተላላፊው መልእክቱን መረዳት አያስፈልገውም፤ የሰማውን ደግሞ መጣራት ብቻ ይበቃዋል።

የመኪና ሌቦችም ይህንኑ ዘዴ ይጠቀማሉ። አንዱ በግቢ በር ላይ ከቆመው መኪና አጠገብ፣ ሌላው ቁልፉ ካለበት የቤት ግድግዳ አጠገብ መሣሪያ ይዞ ይቆማል። መኪናው ሲጠይቅ የመጀመሪያው ጥያቄውን ተቀብሎ ለሁለተኛው ያቀብላል፤ ሁለተኛው ወደ ቤት ውስጥ ያሰማል። ከጠረጴዛ ላይ ያለው ሪሞት ባለቤቱ በር ላይ የቆመ መስሎት እውነተኛውን መልስ ይሰጣል። መልሱ በመጣበት መንገድ ይመለስና መኪናው ይከፈታል። ምስጢሩ አልተሰበረም፤ መኪናው በርቀቱ ብቻ ተታልሏል።

በስዊዘርላንድ ዙሪክ የሚገኘው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.አ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ከ8 አምራቾች የተወሰዱ 10 የመኪና ሞዴሎችን በዚህ ዘዴ ፈትነው ሁሉም መታለላቸውን አሳይተዋል። እ.አ.አ. በ2022 ደግሞ ኤንሲሲ ግሩፕ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ባለሙያ በብሉቱዝ ብቻ የሚሠራ የስልክ ቁልፍም በተመሳሳይ መንገድ ሊታለል እንደሚችል በቴስላ ሞዴል 3 ላይ በተግባር አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሞገድ ጥንካሬ እንደ ድምፅ ከፍታ ነው፤ በማጉያ ሊጨመር ይችላል። ከፍ ብሎ የተሰማ ሁሉ ቅርብ አይደለም።

አልትራ ዋይድባንድ ለዚህ የተገኘ መፍትሔ ነው። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። እረኛ ከሸለቆው ማዶ ላለ ገደል ጮኾ ማሚቶው ከሁለት ሰከንድ በኋላ ቢመለስለት ገደሉ 340 ሜትር ያህል ይርቃል ማለት ነው። ድምፁን ማጉላት ይቻላል፤ የሚፈጀውን ጊዜ ማሳጠር ግን አይቻልም። የሬዲዮ ሞገድም በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ የሚያልፈው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስልኩ ከመኪናው 3 ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ 20 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ይፈጃል፤ 30 ሜትር ርቆ በቤት ውስጥ ካለ 200 ይሆናል። ስልኩ መልስ ለማዘጋጀት የሚወስደው ጊዜ ተለክቶ ስለሚታወቅ ከሒሳቡ ይቀነሳል። በመካከል የገባ አቀባይ ጊዜውን ያስረዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም። ስለዚህ መኪናው "መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዘግይቷል፤ አልከፍትም" ማለት ይችላል።

አልትራ ዋይድባንድ የሌለው መኪና ያለው ሰውም መላ አያጣም። አንዳንድ መኪኖች ቁልፉ ቢኖርም እንኳ ፒን ኮድ ካልገባ አይንቀሳቀሱም፤ ይህን ማብራት ጠቃሚ ነው። ሪሞትን ከበርና ከመስኮት አርቆ፣ በሚገባ በሚከደን የብረት ዕቃ ውስጥ ማሳደርም ሞገዱን ያፍነዋል።

መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ

ከከተማ ወጣ ብሎ ለሚጓዝ ሰው ትልቁ ጥያቄ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ቁልፉ ይሠራል ወይ የሚለው ነው። መልሱ ሁለት ነገሮችን መለየት ይጠይቃል።

ስልኩና መኪናው ፊት ለፊት በኤንኤፍሲ፣ በብሉቱዝ ወይም በአልትራ ዋይድባንድ ሲነጋገሩ ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም። ቁልፉ አስቀድሞ በስልኩ ውስጥ ስላለ በዓባይ ሸለቆ ውስጥም ቢሆን ይከፍታል። ከሩቅ ሆኖ በመተግበሪያ መኪናን መክፈት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ትእዛዙ ከስልኩ ወደ አምራቹ አገልጋይ ኮምፒውተር ይሄድና ከዚያ ወደ መኪናው ይመለሳል። ከሦስቱ አንዱ ከተቋረጠ አይሠራም። እ.አ.አ. በኅዳር 2021 የቴስላ አገልጋይ በተቋረጠ ጊዜ በተለያዩ ሀገራት መተግበሪያውን ብቻ ተማምነው የወጡ ባለመኪኖች ከመኪናቸው ደጅ ቆመው ነበር።

እዚህ ላይ ለሀገራችን ገዢዎች ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ለሌላ ሀገር ገበያ ታስቦ የተሠራ መኪና መተግበሪያው በዚያ ሀገር ስልክ ቁጥር ብቻ የሚመዘገብ፣ መኪናውም በዚያ ሀገር ኔትወርክ ብቻ የሚገናኝ ሊሆን ይችላል። ከመግዛት በፊት የስልክ ቁልፉን በራስ ስልክ አስመዝግቦ መሞከር "ይሠራል" የሚለውን የደላላ ቃል ከማመን ይሻላል።

የስልክ ባትሪ ሲያልቅስ? አንዳንድ ስልኮች ለዚህ ጥቂት ኃይል ያስቀራሉ፤ ለምሳሌ ይህን የሚችሉ የአይፎን ሞዴሎች ከጠፉ በኋላ እስከ 5 ሰዓት ድረስ በኤንኤፍሲ መክፈት ይችላሉ። ሁሉም ስልክ ግን እንዲህ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ የመኪናው ትንሹ ባትሪ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ከትልቁ ባትሪ ሌላ መቆለፊያውንና ማንበቢያውን የሚያንቀሳቅስ፣ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት የሆነ ባትሪ አለ። እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሞልቶ እንኳ ስልኩም ሆነ ካርዱ በሩን አይከፍትም። ለዚህ ቀን ብዙ አምራቾች በሪሞቱ ውስጥ የብረት ቁልፍ ይደብቃሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከውጭ ኃይል የሚሰጥበት ቦታ ያዘጋጃሉ። ቦታውን በሰላም ቀን አይቶ ማወቅ እንጂ በሌሊት በመንገድ ላይ መፈለግ አይመከርም።

መስጠት ቀላል፣ መንሳትም ሊታወስ የሚገባ

የስልክ ቁልፍ አንዱ ጥቅም ለሌላ ሰው መስጠት መቻሉ ነው። በባሕር ዳር ያለ ባለንብረት ደብረ ማርቆስ ለሚገኝ ሾፌሩ ቁልፍ በመልእክት ሊልክለት ይችላል። በአንዳንድ መኪኖች ላይ ለተላከው ቁልፍ የፍጥነት ገደብ ማበጀትም ይቻላል፤ ልጁን ለሚያስነዳ ወላጅ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። ሾፌሩ ሥራ ሲለቅ ቁልፉን መሻር ይገባል። በርቀት የተላከ ሽረት ግን መኪናው ወይም ስልኩ ኔትወርክ እስኪያገኝ ሊዘገይ ስለሚችል፣ በመኪናው መስኮት ላይ ባለው ዝርዝር ገብቶ በቀጥታ መሰረዝ ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

ስልክ ሲጠፋ ወይም ሲሰረቅም እንዲሁ ነው። ቁልፉ የተጠበቀው በስልኩ መቆለፊያ ልክ ነው። ቴሌብርን በቀላሉ በሚገመት ፒን የማይጠብቅ ሰው መኪናውን የያዘውን ስልክም ያለ መቆለፊያ መተው የለበትም። ስልኩ እንደጠፋ በሌላ ስልክ ወደ አካውንቱ ገብቶ ማገድና ቁልፉን መሰረዝ ያስፈልጋል። ለዚህም ካርዱ ወይም ሪሞቱ ከስልኩ ጋር በአንድ ቦርሳ መቀመጥ የለበትም፤ ሁለቱም አብረው ከጠፉ ባለቤቱ ባዶ እጁን ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ግን የሽያጩ ቀን ነው። ሊብሬው የባለቤትነት ስም ማዛወሩን ያረጋግጣል፤ መኪናው ራሱ ግን ሊብሬ አያነብም። መኪናው የሚያውቀው በውስጡ የተመዘገቡትን ቁልፎች ብቻ ነው። ስለዚህ ቀሪው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሻጭና ገዢ መኪናው ውስጥ አብረው ተቀምጠው ጥቂት ሥራዎችን ማከናወን አለባቸው። በመጀመሪያ በመኪናው ውስጥ የተመዘገቡትን ቁልፎች ዝርዝር ከፍቶ የማን የማን እንደሆኑ ማየት ነው። ቀጥሎ ሻጩ መኪናውን ከአምራቹ አካውንት ላይ ያወጣል፤ ሁሉም የስልክ ቁልፎች ይሰረዛሉ፤ የመኪናው ማስተካከያ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ይመለሳል። ከዚያ ገዢው በራሱ ስምና ስልክ ያስመዘግባል። ካርዶቹና ሪሞቶቹ ተቆጥረው ቁጥራቸው በውሉ ላይ ይሰፍራል። በመጨረሻም ሻጩ በስልኩ በሩን ለመክፈት ይሞክራል፤ መኪናው እምቢ ሲል ርክክቡ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

"ትርፍ ቁልፉስ?" ብሎ የሚጠይቀው አስተዋይ ምስክር ዛሬም ያስፈልጋል። ጥያቄው ግን አንድ ቃል ይጨመርበታል፦ "በስልክህ ውስጥ ያለውስ?"